እምቢ ያለው ንስር

በአንድ መጫወቻ አስመጪ ድርጅት መጋዘን ጀርባ፣ ሰፊ መስኮት ባላት ክፍል ውስጥ፣ ቀኑን ሙሉ በሮቦት ስትጫወት የምትውል አንዲት ሴት አለች። ትጫወታለች የሚሉት ጎረቤቶቿ ናቸው። እሷ ፊት እንዲህ ያለ ሰው ግን ቃሉን ሁለተኛ አይደግመውም፤ ለምን እንዳለው እስኪቆጨው ድረስ ቁጭ አድርጋ ታስረዳዋለች።

ሥራዋ ምርመራ ነው። ሮቦቱ መኪና ይሆናል ተብሎ ሳጥኑ ላይ ከተሳለ፣ እውነት መኪና ይሆናል ወይ? መኪናውስ ሳይሰበር ተመልሶ ሮቦት ይሆናል? ሲታጠፍ የልጅ ጣት ይቆነጥጣል? ክንዱ ዛሬ ጠብቆ ነገ ይላላል? ይህን ሁሉ እሷ አይታ ካላሳለፈችው አንድም ሳጥን ወደ ሱቅ አይወጣም። ልጃችሁ እጅ ላይ ያለው ሮቦት አንገቱ ሳይነቀል የከረመው በዕድል እንዳይመስላችሁ።

የመሥሪያ ቤት ስሟ እትዬ ቀስ ነው። "ቀስ!" ከጠዋት እስከ ማታ ከአፏ አይጠፋም። ሳጥን ለሚያራግፉት ቀስ፣ በር ለሚዘጋው ቀስ፣ ገና እግሯን ሳታነሳ አውቶቡሱን ለሚያስነሳው ሾፌር ሳይቀር ቀስ። ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው። አንዳንዴ ይመረውና፣ "ቀኑን ሙሉ ምላጭ ይዤ ሰው አንገት ላይ ቀስ ስል የዋልኩት ሳያንስ፣ ቤቴም ገብቼ ቀስ ልባል?" ይላታል። ይላታል እንጂ ይሰማታል።

አሠራሯም የራሷ ነው። አዲስ ሮቦት ከሳጥኑ ስታወጣ መመሪያውን አታይም። ወንበሯን ወደ መስኮቱ ታዞርና ዓይኗን ትጨፍናለች። ከዚያ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ የሮቦቱን ትከሻ፣ ወገብ፣ ጉልበት እየዳሰሰች መገጣጠሚያውን ትፈልጋለች። አንዱ ሲታጠፍ ሌላውን ይከፍተዋል፤ ሌላው ሲዞር ደግሞ ለሦስተኛው ቦታ ይለቃል። ዓይኗን ሳትገልጥ መኪናውን ጠረጴዛው ላይ ታቆመዋለች። "መመሪያ አንብቦ የሚጫወት ልጅ አይቼ አላውቅም፤ አባቶቻቸውም ቢሆኑ አያነቡም" ትላለች።

ለክፍሉ ሰው ሁሉ ያስተማረችው አንድ ትምህርት አላት። "እምቢ ካላችሁ አትግፉት። ፕላስቲኩ አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው እጅ ነው። መልሱና ሌላ መንገድ ፈልጉ።" ይህን ያልሰማ የለም። አለቃው ራሱ ሥራውን የጀመረው እዚያችው ጠረጴዛ ላይ፣ ከእሷ አጠገብ ተቀምጦ፣ ይህንኑ ሲሰማ ነው። ዛሬ ቢሮ ተሰጥቶት፣ ሆድ አውጥቶ፣ አለቃ ቢሆንም እሷ አሁንም "አንተ" ነው የምትለው።

ከእሷ ጋር ሁለት ሰዎች ይሠራሉ። አንደኛው ጣለው ይባላል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ሥራው ግን መጫወቻውን ከደረቱ ከፍታ መሬት ላይ እየጣለ መሰበር አለመሰበሩን ማየት ስለሆነ ጣለው ተብሎ ቀረ። ሮቦትን የሚጥለው በእያንዳንዱ መልኩ ነው፤ አንዴ ሮቦት አድርጎ፣ አንዴ መኪና አድርጎ። ሁለተኛዋ ሙሽሪት ናት፤ ሠርጓ ስለደረሰ። በየመልኩ እያጠፈች ቀለሙን፣ ስለታም ጠርዙን፣ ዓይኑ ተንሻፎ መቀባት አለመቀባቱን የምታይ እሷ ናት። እያንዳንዳቸው ጨርሰው ሲያምኑበት ሳጥኑ ላይ አንድ አንድ አረንጓዴ ክብ ይለጥፋሉ። የእትዬ ቀስ አረንጓዴ የመጨረሻው ነው፤ ከእሷ በኋላ የሚያይ የለም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ ቀይ ሮቦት ነው። ሦስት መልክ አለው፤ ሮቦት፣ የእሳት አደጋ መኪና፣ ንስር። ቀድሞ አንድ ናሙና ብቻ መጥቶ ነበርና እትዬ ቀስ በደንብ አውቃዋለች። ሮቦቱ ግርማ አለው፤ በአንድ እግሩ ይቆማል፣ ክርኑ ሲታጠፍ ደስ የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ፊቱ ብቻ ለትከሻው ያንሳል። መኪናው ከሦስቱ ሁሉ የተዋጣለት ነው፤ ጎማው እውነት ይሽከረከራል፣ መሰላሉ ይረዝማል፤ ገልብጦ ያየው ሰው ግን ሁለት ጡጫ ከሆዱ ሥር ጨብጦ የሚሄድ መኪና ያገኛል። ንስሩ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ከንስር ይልቅ ወደ ዶሮ ያደላል። ቢሆንም እሷ የወደደችው እሱን ነበር። መሰላሉ ለሁለት ተከፍሎ ክንፍ ሲሆን፣ ሁለቱ ጭኖች ወደ ውጭ ዞረው ሲታጠፉና ጅራት ሲሆኑ፣ ያሰበበት ሰው እጅ ይታያል። ናሙናውን ወደ ፋብሪካው ስትመልስ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጭኑ ትንሽ ይጠብቃል፣ ለልጅ እጅ እንዲመች ላላ ይበል።

ፋብሪካው ሰማት። ዕቃው በብዛት ተሠርቶ መጣና ከመጀመሪያዎቹ ሳጥኖች ጥቂቱ ወደ ምርመራ ክፍሉ ገባ። ጣለውና ሙሽሪት ጨርሰው አረንጓዴያቸውን ለጥፈዋል። እትዬ ቀስ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

ሮቦቱ መኪና ሆነ፤ እንደ ውሃ። መሰላሉ ለሁለት ተከፈለ፣ ክንፎቹ ተዘረጉ። ጭኖቹን ይዛ ወደ ውጭ አዞረች። መሃል ላይ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። መለሰቻቸው፣ ከሥር ያዘቻቸው፣ አሁንም ቀጥ። ዓይኗን ገለጠች። በዓይኗ እያየች ሞከረች፤ እምቢ። ሌላ ሳጥን ከፍታ ሌላ ሮቦት አወጣች፤ እሱም እምቢ። ጆሮዋ ሥር ሙቀት ተሰማት። ይህንኑ ንስር ባለፈው ዓይኗን ጨፍና፣ ከባልደረቦቿ ጋር ወሬ እያወራች ሠርታዋለች። ሳጥኑን ዞር አድርጋ አየችው፤ ሁለቱ አረንጓዴዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እነሱ ችለዋል ማለት ነው። ከዚያ እጇን አየች። ሌባ ጣቷ ስስ ብሎ ተንቀጠቀጠ።

እዚህ ላይ ስለ እናቷ መናገር ግድ ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሰፈሩ በሙሉ እጀ ወርቅ ይላቸው ነበር። ልጃቸው ዛሬ ያለችበት ዕድሜ ላይ ሲደርሱ ክር በመርፌ ማስገባት አቃታቸው። "መርፌው ነው" አሉ። መርፌ ተቀየረ። "ክሩ ነው" አሉ፤ ክር ተቀየረ። ቀጥሎ መብራቱ፣ ቀጥሎ ወንበሩ። ጥፋተኛ ያልሆነ ዕቃ ቤት ውስጥ አልቀረም። አንድ ቀን የሰው ሙሽራ ልብስ ላይ ሻይ እስኪደፉ ድረስ እጃቸው መሆኑን አልተቀበሉም። ከዚያ ወዲያ መንቀጥቀጡ ብሶባቸው፣ ማንኪያ እንኳ ልጃቸው እየያዘችላቸው ኖረው አለፉ። እትዬ ቀስ የዚያን ጊዜ በልቧ ቃል ገብታ ነበር፤ "የእኔ ቀን ሲመጣ በመርፌ አላላክክም።"

ቀኗ መጣ፣ በቀይ ንስር መልክ።

"ነገ ደግሜ አየዋለሁ፤ ዛሬ ራሴን አሞኛል" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጣለው፣ "እትዬ ቀስና ራስ ምታት! ራስ ምታቱ እኮ ራስሽ ነሽ" ይላት ነበር። ያን ዕለት ግን ምንም ሳይል መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ያዘ። ሙሽሪትም እጇን ጠረጴዛው ሥር ከታ ወደ መስኮቱ አየች። እትዬ ቀስ ዝምታቸውን ልብ አላለችም፤ የራሷ ጭንቀት በቂዋ ነበር።

ከሥራ ስትወጣ እንደወትሮው ወደ ልጇ ቤት ሄደች። ልጇ ከእናቷ ቤት መንገዱን ተሻግሮ ካለው ሕንጻ፣ ደረጃው ላይ ሁልጊዜ የሳሙና ሽታ ከማይጠፋበት ፎቅ ነው የምትኖረው። ከወለደች ገና ብዙም አልቆየች። ሕፃኗ ሴት ናት፤ የእትዬ ቀስ የመጀመሪያ የልጅ ልጅ። አያት ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ መጥታ፣ እጇን ታጥባ፣ ሕፃኗን ተቀብላ እናትየዋን አረፍ ማድረግ ልማዷ ነበር። ሕፃኗም ከአባቷ ይልቅ እሷ እጅ ላይ ነበር ቶሎ የምትተኛው፤ አባትየው በዚህ ነገር ትንሽ ቅር ሳይለው አልቀረም።

"እሰይ፣ መጣሽልኝ! እንቺ እስኪ ያዥልኝ፣ ፊቴን ልታጠብ" አለች ልጇ በሩን እንደከፈተች፣ ሕፃኗን ወደ እናቷ ዘርግታ።

እትዬ ቀስ ሁለት እጇን ከኋላዋ አደረገች። "አይ አይ፣ ጉንፋን ይዞኛል። እንዳይጋባባት።"

"ጉንፋን? አፍንጫሽ ደህና ነው እኮ።"

"ጉሮሮዬ ነው።"

በሩ ላይ ቆማ ሕፃኗን በዓይኗ ብቻ ሳመች። ከእጇ ላይ መጫወቻ ቢወድቅ ጣለው ያነሳዋል። ሕፃን ቢወድቅስ? ይህን ስታስብ ቶሎ ተሰናብታ ደረጃውን ወረደች።

በማግሥቱም ጉንፋን ነበር። ከዚያም በኋላ ጉንፋኑ አልለቅ አለ። ልጇ ሦስተኛ ጊዜ አልዘረጋችላትም፤ "ግድ የለም እማዬ" ብላ ሕፃኗን ደረቷ ላይ ለጥፋ ፊቷን አዞረች። እትዬ ቀስ ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገድ ላይ አለቀሰች፤ የማልቀሷም ምክንያት ጉንፋን እንዲመስል አፍንጫዋን በመሐረብ ያዘች።

ራሷን መጠርጠር ከጀመረች ወዲህ ማስረጃ አላጣችም። ቁልፉ የበሩን ቀዳዳ ስቶ ብረቱን ፋቀ። የሹራቧ ቁልፍ አልገባም አለ። የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጇ መያዝ ጀመረች። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ መርፌና ክር አምጥታ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ክሩ በመጀመሪያው ሙከራ ገባ። እሷ ግን የክሩ ጫፍ ሲገባ መንቀጥቀጡን ነው ያየችው።

"ምን ልትሰፊ ነው?" አላት ባሏ።

"ምንም።"

"ምንም ለመስፋት ይህን ያህል ፊት ማጥቆር ምንድን ነው?" አለና አጠገቧ ተቀመጠ። ቀኑን ሙሉ የሰው ጭንቅላት የሚያይ ሰው ስለሆነ የሚስቱን ጭንቅላት ውስጥ ያለውንም ሳይገምት አልቀረም። "ሐኪም ጋ እንሂድ?" አላት ቀስ ብሎ። እሷ መርፌና ክሩን ሰብስባ ተነሳች። ሐኪም ዘንድ ከተሄደ ነገሩ ስም ያገኛል፤ እሷ ደግሞ ስሙን ቀድሞውንም ታውቀዋለች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሳጥኖቹ በሁለት አረንጓዴ ቆመው ሦስተኛውን ይጠብቃሉ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት አለቃው ወደ ክፍሉ ገባ።

"እትዬ ቀስ፣ ሱቆቹ ነፍሴን ሊያወጧት ነው። ቀዩ ሮቦት ምን ሆነ? እርስዎ እንዲህ ቆይተው አያውቁም።"

እሷ ያን ጊዜ አንድ አረንጓዴ ክብ ከወረቀቱ ልጣ በጣቷ ጫፍ ይዛ ነበር። እውነቱን ለመናገር ልትለጥፈው ነበር። ጠዋት በአውቶቡስ ስትመጣ ስታወጣ ስታወርድ የቆየችው ይህንኑ ነው። ሁለት ሰው "ደህና ነው" ብሏል። መጫወቻው ደህና ከሆነና ያልሆነችው እሷ ከሆነች፣ የእሷ እጅ ስለደከመ ንስሩ ለምን ይታሰራል? ለጥፋው ዝም ብትል ማን ያውቃል? በክብር ትሰነብታለች፤ ሰውም ከንፈሩን አይመጥላትም። ክቡን ወደ ሳጥኑ አስጠጋችው። ያኔ እናቷ ትዝ አሏት፣ ያ ሁሉ መርፌ፣ ያ ሁሉ ክር፣ በመጨረሻም የሙሽራ ልብሱና ሻዩ። እጇን መለሰች።

"አለቃ፣ ተቀመጥ" አለችው። "የምነግርህ አለኝ። እናንተም ስሙ፤ ደብቄ የትም አልደርስም።" አረንጓዴውን ክብ ወደ ወረቀቱ መለሰችው። "ንስሩን መሥራት አልቻልኩም። ብዙ ሞክሬያለሁ፤ ሁሉንም ሳጥን ከፍቻለሁ። እጄ ነው። እናቴን የያዛት ነገር እኔንም ሳይዘኝ አልቀረም። ከዛሬ ጀምሮ የእኔን ቦታ ለሌላ ሰው ስጥ።"

ሙሽሪት አፏን በእጇ ያዘች። እትዬ ቀስ ለሐዘኔታ ራሷን አዘጋጅታ ጠረጴዛውን እያየች ጠበቀች። የመጣው ግን ሐዘኔታ አልነበረም።

"ንስሩን?" አለ ጣለው።

"አዎ፣ ንስሩን።"

"እኔም እኮ አልቻልኩም!"

ቀና ብላ አየችው። ፊቱ ቀልቶ ነበር።

"አረንጓዴ ለጥፈህ የለም እንዴ?"

"ለጥፌያለሁ" አለ ጣለው መነጽሩን እያወለቀ። "ይህ አዲሱ መነጽር ነው ብዬ። ከላይ ሩቅ ያሳያል፣ ከታች ቅርብ ያሳያል ተብሎ የተሸጠልኝ፣ መሃል ላይ ግን ምንም አያሳይም። በመነጽር ምክንያት ሥራ አቃተው እንዳልባል ዝም አልኩ።"

"ታዲያ ንስሩን እንዴት ጣልከው?"

ጣለው አንገቱን ደፋ። "ግማሽ ንስር ነው የጣልኩት።"

ሙሽሪት ከዚህ በኋላ መቆየት አልቻለችም። አሥሩንም ጣቶቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው፤ ለሠርጉ ያሳደገችው ጥፍር ተቀብቶ ያብረቀርቃል። "እትዬ፣ በሞትኩት! እኔ ጥፍሬ ነው ብዬ ነው እኮ። 'ፕላስቲኩ አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው እጅ ነው' ብለውኝ የለ? ጥፍርሽን ቁረጪ እንዳይሉኝ ፈርቼ፣ ከሠርጉ በኋላ አየዋለሁ ብዬ ለጠፍኩት።"

ሦስቱም ወደ አለቃው ዞሩ። አለቃው አውራ ጣቱን እያሸ ወደ ጣሪያው ያያል።

"ደግሞ አንተ?" አለችው እትዬ ቀስ።

"ለልጄ ላሳየው ብዬ አንዱን ወደ ቤት ወስጄ ነበር" አለ አለቃው ቀስ ብሎ። "እምቢ አለኝ። ሚስቴ ሳቀችብኝ። ጣትህ ወፍሯል አለችኝ። እኔም መወፈሬን ስለማውቅ አልተከራከርኩም።"

አስቡት እንግዲህ። አራት ሰው፣ አንድ መጫወቻ፣ አራቱም ራሱን ጥፋተኛ አድርጎ ተደብቋል። ይህን የሚያደርግ ሰው የትም አይገኝም፤ እትዬ ቀስ ያስተማረቻቸው ብቻ ናቸው። ሌላ ቦታ ቢሆን የመጀመሪያው ሰው "ይህ ዕቃ ብልሹ ነው" ብሎ ወርውሮት ወደ ምሳው በሄደ።

እትዬ ቀስ ለመሳቅም ለማልቀስም ጊዜ አላገኘችም። "መፍቻ አምጡ" አለች። ሙሽሪት ትንሿን መፍቻ አቀበለቻት። የሮቦቱን ወገብ ፈታች፣ ጭኖቹን አወጣች፣ በመስኮቱ ብርሃን አገላብጣ አየቻቸው። በጭኑና በወገቡ መጋጠሚያ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታህል ጉብታ አለች፤ ሥራዋ ጭኑ ያለ ልክ እንዳይዞር መግታት ነው። ፋብሪካው እሷ እንዳለችው ጭኑን ለማላላት እንደ አዲስ ሲሠራው፣ የግራውን ለቀኝ የቀኙን ለግራ ገጥሞታል። ስለዚህ ጉብታዋ ጭኑን ወደ ውስጥ ለቃ ወደ ውጭ ከለከለችው። ሮቦት ሲሆን አይታወቅም፣ መኪና ሲሆን አይታወቅም። ለንስሩ ብቻ ነው መንገድ የተዘጋው።

"ልጅ ቢገፋውስ?" አለ አለቃው።

ጣለው መልስ ሳይሰጥ ሌላ ሮቦት አነሳ፣ ፊቱን ዞር አድርጎ ጭኑን በኃይል ወደ ውጭ አዞረው። ቋ! አለ። ከውስጡ የወጣች ስለታም ስባሪ ተስፈንጥራ የመስኮቱን መስታወት መታችና ወለሉ ላይ ወደቀች። ሙሽሪት ጎንበስ ብላ አነሳቻት፤ መዳፏ ላይ አድርጋ ሁሉም አዩዋት። የልጅ ዓይን ላይ ብታርፍስ? ጣለው በራሱ ጣት ከየሳጥኑ ላይ አረንጓዴውን መላጥ ጀመረ፤ ሙሽሪትም በዚያ ባማረ ጥፍሯ አገዘችው።

"ያስተማርኳችሁን ግማሹን ጣሉት" አለች እትዬ ቀስ። "እምቢ ካላችሁ አትግፉት፤ ይህ ይቆይ። የሚሳሳተው እጅ ብቻ ነው ያልኩት ግን ውሸት ነው። እምቢ ካላችሁ ጩኹ።"

ከዚያ የግራውን ጭን ወደ ግራ፣ የቀኙን ወደ ቀኝ ገጥማ ወገቡን አጠበቀች። ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዞረች። ዓይኗን ጨፈነች። ሮቦቱ ተኛ፣ ታጠፈ፣ መኪና ሆነ። መሰላሉ ተከፈለ። ጭኖቹን ያዘችና ወደ ውጭ አዞረቻቸው፤ ዞሩ፣ ታጠፉ፣ ቀጭ ብለው ቦታቸውን ያዙ። ዓይኗን ሳትገልጥ ንስሩን ጠረጴዛው ላይ አቆመችው።

"አሁንም ዶሮ ነው" አለ ጣለው።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እትዬ ቀስ ከሁሉም በላይ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፣ ሙሽሪት ደግፋት እስክትቀመጥ ድረስ አለቀሰች። እጇን ዘርግታ አየችው። አይንቀጠቀጥም። ያን ሁሉ ቀን ያንቀጠቀጠው ፍርሃቱ ራሱ ነበር። ከላይዋ ላይ አንድ ኩንታል የወረደ ያህል ቀለላት።

"አለቃ፣ ዛሬ ቀደም ብዬ ልውጣ" አለች።

"ይሂዱ እንጂ! እኔ ደግሞ ለሚስቴ ስልክ ልደውል፤ ጣቴ አልወፈረም" አለ አለቃው።

ሾፌሩ ገና እግሯን ሳታነሳ አውቶቡሱን አስነሳው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ በል አላለችውም። የሳሙና ሽታ ያለበትን ደረጃ እንደ ኮረዳ ወጣችው። በሩን ልጇ ከፈተች። ፀጉሯ ተንጨባሯል፣ ዓይኗ ቀልቷል። ሕፃኗ ከውስጥ ትጮኻለች።

"ገላዋን አጥቤያት ልብስ አልገባ አለኝ" አለች ልጇ ወደ ውስጥ እየተመለሰች። እናቷን ቀና ብላ አላየቻትም። አልጋው ላይ ሕፃኗ በአንድ እጇ ሹራብ ውስጥ፣ በአንዱ ውጭ ሆና እየተንፈራገጠች ነው። ልጇ የሕፃኗን ጡጫ ይዛ ወደ እጅጌው ትገፋለች፤ ጡጫው ጨርቁ ላይ ተቀስሮ እምቢ ይላል፤ እንደገና ትገፋለች።

"ቀስ!" አለች እትዬ ቀስ።

ልጇ ቆመች። ዞራ አየቻት። "እማዬ፣ ምን አድርጌሽ ነው? አስቀይሜሽ ከሆነ ንገሪኝ። እሷ ምን አደረገች? መንካት እንኳ አስጠላሽ እኮ።"

እትዬ ቀስ መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ መታጠቢያው ሄዳ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ አደረቀች። መጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እጅጌውን በትንሹ ሰብስባ፣ ሁለት ጣቷን በእጅጌው አፍ በኩል፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ሰደደች። ጨርቁ ውስጥ ትንሿን ጡጫ አገኘቻት። አልጎተተችም። ጡጫዋን በጣቷ ጫፍ ነካ ነካ አድርጋ ጠበቀች። ጡጫዋ ተከፈተች። አምስቱ ጣቶች የአያታቸውን ሌባ ጣት ጨበጡ፣ እትዬ ቀስም ጣቷን ስትመልስ የሕፃኗ ክንድ በእጅጌው ውስጥ አልፎ ብቅ አለ። ሕፃኗ ጩኸቷን አቆመች።

ከዚያ አንገቷን ደግፋ አነሳቻትና ደረቷ ላይ አስቀመጠቻት። እጇ ጸጥ ብሏል። የልጅ ልጇ ጣቷን አልለቀቀችም።

ልጇ በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገችና እናቷን ትኩር ብላ አየቻት።

"ጉንፋንሽስ?" አለቻት።

"የፋብሪካ ስህተት ነበር" አለች እትዬ ቀስ፤ "ነይ ተቀመጪ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።"